ቤድፎርድን የገደለው ሠራተኛው ነው? ለአንድ ብዙ ለተዘዋወረ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቤድፎርድ የጭነት መኪናዎች የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ለእኔም "አንብበው፣ ጉድ ነው" ከሚል መልእክት ጋር ደረሰኝ። አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር አላቸው፣ ይህን መካድ አይቻልም። አንዴ ከጀመሩት ሳይጨርሱ የሚያስቀምጡት ዓይነት አይደለም። እኔን ያስነሳኝ ታሪኩ ነው። እየተጣመመ ሄዶ ሄዶ ጥፋቱ ሁሉ መጨረሻ ላይ መልስ መስጠት በማይችሉ ሰዎች ትከሻ ላይ አረፈ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቤድፎርድ የእንግሊዝ መኪና ሆኖ አያውቅም። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ የራሱን ሼቭሮሌ የእንግሊዝ ስም ለጥፎበት የሸጠበት ማጭበርበሪያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቤቱ ለሁለቱም ወገን መኪና እያቀረበ ከበረ። እስያና አፍሪካ ውስጥ የተቸበቸበውም ቅኝ ተገዢው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው እንጂ መኪናው ረብ ስላለው አይደለም። በመጨረሻ ደግሞ አድማ የለመዱ ሠራተኞች ፋብሪካውን ገደሉት፣ አሜሪካኖቹ ታግሠው ታግሠው ሲሰለቻቸው ጥለው ሄዱ። መደምደሚያቸው፣ አሜሪካዊ ባለቤትና እንግሊዛዊ ሠራተኛ አብረው የጭነት መኪና መሥራት አይችሉም የሚል ነው።

እኔ የማየው ሌላ ነው። ቤድፎርድ የራሱ ጭንቅላት ነበረው፣ የራሱ ኪስ ግን አልነበረውም። መኪናው የሚታሰበው ፋብሪካው ባለባት በእንግሊዟ ከተማ ሉተን ነው፣ ገንዘቡ የሚፈቀደው የጄኔራል ሞተርስ መቀመጫ በሆነችው ዲትሮይት ነው። የዚህን ድርጅት ታሪክ ከዚህ ነጥብ ካላየነው ወይ ሙሉ በሙሉ የአሜሪካ ወይ ሙሉ በሙሉ የእንግሊዝ እናደርገውና ሁለቱም አልሆን ይለናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ"ማጭበርበሩ" እንጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው መነሻቸው ልክ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1920ዎቹ ሰሜን ለንደን፣ ሄንደን ውስጥ የሼቭሮሌ ጭነት መኪና ይገጣጥም ነበር። በ1925 መጀመሪያ ኦስቲን የተባለውን የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካ ሊገዛ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ ሉተን የሚገኘውን ቮክስሆልን በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ቮክስሆል በዚያን ጊዜ ጥሩ ስም ያላት ግን ጥቂት መኪና ብቻ የምትሠራ ድርጅት ነበረች። በ1929 የጭነት መኪናው ሥራ ከሄንደን ወደ ሉተን ተዛወረ። በ1931 ቮክስሆል ባለ 2 ቶኑን ቤድፎርድ አወጣ፣ ስሙም ሉተን ካለችበት አውራጃ ከቤድፎርድሺር የመጣ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተሩ የሼቭሮሌ ዘር እንደሆነ ማንም መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ያውቀዋል። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ማጭበርበር የተባለው ግን አልገባኝም። እስከ 1932 ድረስ ሼቭሮሌና ቤድፎርድ ጎን ለጎን ይሸጡ ነበር። ዝምድናውን ሊደብቅ የፈለገ ነጋዴ ሁለቱን ባንድ ላይ ለገበያ ያቀርባል? ደግሞስ ልጅ ያባቱን ኮት ለብሶ ትምህርት ቤት ስለጀመረ ዕድሜውን ሙሉ ባባቱ ኮት ኖረ አይባልም። ጸሐፊው 1931 ላይ ቆመው ነው ስለ 1986 የሚፈርዱት። በመሃል ያለውን ሃምሳ ምናምን ዓመት ዘለውታል።

በመሃል ያለው ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር በአራት ጎማ የሚስብ መኪና ሲፈልግ የሉተን መሐንዲሶች ኪው ኤል የሚባለውን ሠሩ። በ1941 ማምረት ተጀምሮ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ50 ሺህ በላይ ወጣ። ቸርችል የሚባለውን ታንክስ? የንድፉን ኃላፊነት ወስዶ ወደ ምርት ያደረሰው ቮክስሆል ነው፣ ያውም በጥድፊያ። ሞተሩ ሁለት የቤድፎርድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች እንደተጋደሙ ተጣምረው የተሠራ፣ 350 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። መጀመሪያ የወጡት ታንኮች ብልሽት በብልሽት ነበሩ፣ ይህንን ራሱ ፋብሪካው አልደበቀውም። እየተስተካከለ ሄዶ ግን ከ5 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ይህን ከዲትሮይት በፖስታ የመጣ ንድፍ ነው የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያሳየኝ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣውን፣ ቲኬ የሚባለውን ቤድፎርድ ደግሞ ተመልከቱ። በ1960 ወጣ፣ እስከ 1980ዎቹ ተሠራ። እንግሊዝ ውስጥ ድንጋይ ከሰል የሚያመላልሰው እሱ፣ ፈረስ የሚጭነው እሱ፣ የእሳት አደጋ መኪናው እሱ። ጋቢናው ከፊት ነው፣ ግን እንደ ሌሎቹ ከፊት ካሉት ጋቢናዎች ሞተሩን መሃል አቅፎ ሹፌሩን አይጠብስም። ሞተሩ ከወንበሩ ኋላ ነው። ወለሉ ለጥ ያለ ስለሆነ ሦስት ሰው ጉልበት ለጉልበት ሳይጋጭ ይቀመጣል። መካኒኩ ደግሞ መሬት ላይ እንደቆመ ከበሩ ኋላ ያለውን የጎን መክደኛ ብድግ ያደርግና ሞተሩን ያገኘዋል፣ ጋቢና መገልበጥ የለ፣ ምን የለ። በዚያ ዘመን ጋቢናው ከፊት የሆነ መኪና የጠገነ ሰው፣ ወንበር ላይ ተንበርክኮ እጁን በትኩስ ብረት መሃል ሰዶ ብሎን መፍታት ምን እንደሆነ ያውቃል። ይህንን ያሰበው ሰው የጋራዥ ሕይወት የገባው ነው። የሉተን ሥራ ነው፣ ለሉተን ይሰጠው።

ወደ ጦርነቱ ልምጣ። ጸሐፊው በጣም ጠንካራ የሆኑት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጥ። ጄኔራል ሞተርስ የጀርመኑን ኦፔልን ከ1929 ጀምሮ በእጁ አድርጎ ነበር። የኦፔል ብሊትዝ ጭነት መኪና የሂትለር ጦር የጀርባ አጥንት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የድርጅቱ የባሕር ማዶ ሥራ ኃላፊ የነበሩት ጄምስ ሙኒ በ1938 ከናዚ መንግሥት ኒሻን ተቀብለዋል። ሉተንም በእኚሁ ሰው ሥር ነበረች። ይህ አሳፋሪ ነው፣ ለማለባበስ አልሞክርም። ጸሐፊው ኒሻኑን አለመጥቀሳቸው እንዲያውም ገርሞኛል፣ ለክርክራቸው ከሁሉ የሚጠቅማቸው እሱ ነበር።

ነገር ግን "ለሁለቱም ወገን እያቀረበ" የሚለው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ቁጭ ብሎ እንደማውራት ቀላል አይደለም። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች በኋላ ኦፔል የናዚ መንግሥት በሾመው ሞግዚት ሥር ወድቋል፣ ትእዛዝ ከዲትሮይት አልነበረም የሚመጣለት። ብሊትዝ የሚሠራበትን የብራንደንቡርግ ፋብሪካ በነሐሴ 1944 በቦምብ ያወደሙት አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው። በሌላ በኩል የሉተኑ ፋብሪካ ነሐሴ 30 ቀን 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ተመታ፣ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ሠራተኞችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያው ፋብሪካ ሥራውን ቀጥሎ ጦርነቱ እስኪያልቅ ለሠራዊቱ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የጭነት መኪና አስረከበ። የኒው ዮርክና የዲትሮይት አለቆች በ1930ዎቹ ለሠሩት ነውር ሒሳቡን ለእነሱ ያቅርቡላቸው። በቦምብ ፍርስራሽ መሃል ሻንሲ ሲያያይዝ ለነበረው የሉተን ሰው ግን አይመለከተውም። ጸሐፊው ሁለቱን ባንድ ዓረፍተ ነገር ማሰራቸው ነው ያልተዋጠልኝ።

ሦስተኛው፣ "ቅኝ ተገዢው ምርጫ ስላልነበረው ነው የገዛው" የሚለው ነው። እዚህም ላይ ግማሽ እውነት አለ። በ1932 በኦታዋ ስምምነት በብሪታንያ ግዛቶች መካከል የቀረጥ ቅናሽ ተፈቅዷል፣ ከእንግሊዝ የሚወጣ መኪና በዚህ ተጠቅሟል። የጦርነቱ ትርፍ መኪናም በየቦታው ቀርቶ መካኒኩ ሁሉ ቤድፎርድን ለምዶት ነበር። ይህ ሁሉ ረድቷል።

ታዲያ ፓኪስታንን ምን እናድርጋት? ፓኪስታን ነፃ የወጣችው በ1947 ነው። ቤድፎርድ እዚያ የነገሠው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ነው። የፓኪስታን ሹፌሮች "ሮኬት" የሚሏት የ1960ዎቹ ቤድፎርድ የገዢ መንግሥት ያደለው ንብረት አልነበረችም። ባለ ንብረቱ ብድሩን ተበድሮ፣ ወርቅ ሸጦ የሚገዛት ነበረች። ከገዛትም በኋላ ምን እንደሚያደርጋት ተመልከቱ። ከጋቢናው አናት ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ከእንጨት የተሠራ ግንባር ያስገጥምላታል። ስፖንዳዋን ከላይ እስከ ታች በጣዎስ፣ በነብር፣ በአበባና በግጥም ያስቀባታል። ከፊት መከላከያዋ ሥር ቃጭል ያለው ሰንሰለት ያንጠለጥልባታል፣ ስትሄድ ከሩቅ ትሰማለች። ለቀለሙ ብቻ የሚወጣው ገንዘብ የሌላ አገር ሰው ሲሰማው ይደነግጣል። በግድ የተጫነበትን ዕቃ እንደ ሙሽራ የሚያስጌጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጸሐፊው ምናልባት "ሌላ መኪና ስላልነበረ ነው" ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ። በ1980ዎቹ የጃፓኖቹ ሂኖ እዚያው ፓኪስታን ውስጥ መገጣጠም ሲጀምር አዲስ ገዢው ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞሯል። ይህ ምን ያሳያል? ሰዉ ማወዳደር እንደሚችል፣ የተሻለ ሲመጣ እንደሚቀይር ያሳያል። እንዲያ የሚያሰላ ገዢ ከዚያ በፊት ቤድፎርድን ሲመርጥ በነበረበት ጊዜም እያሰላ ነበር ማለት ነው። የሚያሰላውም ቀላል ነገር ነው፦ ከተፈቀደላት በላይ ስትጫን ሻንሲዋ ይችላል ወይ፣ መለዋወጫዋ በየመንደሩ ይገኛል ወይ፣ መንገድ ላይ ብትቆም ሹፌሩና ረዳቱ በመፍቻ ብቻ ያስነሷታል ወይ።

እኛም ብንሆን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ያደግነው በኤንትሬ ነው። ኤንትሬ ፊያት ነው፣ ፊያት ጣሊያን ነው፣ ጣሊያን ደግሞ ምን እንዳደረገን እናውቃለን። ሆኖም "ኤንትሬን የገዛነው ወራሪው ስለጫነብን ነው" የሚል ሹፌር እስካሁን አልገጠመኝም። ጣሊያን ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላ የገባ መኪና ነው፣ የተወደደውም ጭኖ ዳገት ስለሚወጣ ነው። የጸሐፊው ሎጂክ እዚህ ካልሠራ ፓኪስታን ላይ የሚሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ይህን ምላሽ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሠራተኛው ገደለው።

ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ ሉተን ከእንግሊዝ የመኪና ከተሞች ሁሉ ለረጅም ጊዜ ሰላም የሰፈነባት ነበረች። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱን የመሩት ሰር ቻርልስ ባርትሌት እንግሊዛዊ ናቸው። በ1935 ሠራተኛው ከትርፉ የሚካፈልበትን አሠራር ዘረጉ፣ በ1941 ደግሞ የሠራተኛ ተወካዮች ከአስተዳደሩ ጋር እየተቀመጡ የሚመክሩበት ኮሚቴ አቋቋሙ። ሌላ ቦታ በየሳምንቱ ፊሽካ እየተነፋ ሥራ ሲቆም ሉተን ትሠራ ነበር። እንዲያውም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች ሉተን ድረስ ሄደው ጥሩ ደመወዝ የሚያገኝ ሠራተኛ ኑሮውና አስተሳሰቡ እንዴት እንደሆነ አጥንተዋል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነገሩ ሻከረ፣ በ1970ዎቹ አድማ ነበር። ይህን አልክድም። ግን በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ያላደመ ፋብሪካ ጥቀሱልኝ ብባል እኔ አልችልም፣ ጸሐፊውም የሚችሉ አይመስለኝም።

እንግዲህ ምን ሆነ? በ1974 ቤድፎርድ ቲኤም የሚባለውን ከባድ መኪና አወጣ። ረጅም መንገድ ከሚሄዱት ከቮልቮና ከስካኒያ ጋር የሚወዳደር መሆን ነበረበት። ዋናው ሞተሩ ምን ሆነ? ዲትሮይት ዲዝል፣ የጄኔራል ሞተርስ የራሱ ንብረት። ሁለት ምት ብቻ ያለው፣ በከፍተኛ ዙር የሚጮህ፣ ነዳጅ የሚጠጣ ሞተር ነው። የእንግሊዝ ባለ ንብረት ደግሞ ጋርድነር የሚባለውን የአገሩን የናፍጣ ሞተር የለመደ ነው። ጋርድነር ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ናፍጣ ይቆጥባል፣ ዕድሜው አያልቅም። በነዳጅ ቀውስ ማግሥት፣ ናፍጣ በተወደደበት ሰዓት፣ ለዚህ ሰው የሚጮህና የሚጠጣ ሞተር አምጥተህ "ግዛ" ትለዋለህ? በኋላ ከሚንስ ሞተር ያላቸው ቲኤሞችም መጡ፣ ሰዉ ግን አንዴ ቮልቮውን ለምዷል። ጸሐፊው የአሜሪካ እጅ ቤድፎርድን ጎዳ ለማለት ከፈለጉ ማስረጃው ይኸው ነበር፣ ሳያዩት አለፉ። ሞተሩን የመረጠው የቤድፎርድ ጭነት መኪና በሚሠራበት በደንስተብል ፋብሪካ ውስጥ ብሎን የሚያጠብቀው ሰው እንዳልሆነ ግን እንስማማለን መሰለኝ።

በዚህ ላይ እንግሊዝ በ1973 የአውሮፓ የጋራ ገበያ ገባችና ዳፍና መርሴዲስም በሩ ተከፈተላቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ድቀት መጣ። ቤድፎርድ በብዛት ከሚሸጥባቸው አገሮች አንዷ ናይጄሪያ ነበረች። የነዳጅ ገቢዋ ሲያሽቆለቁል መኪና የምትገዛበት የውጭ ምንዛሪ አጣች። ለድሃ አገር መንገድ የተመቸ መኪና መሥራት መታደል ነው፣ ደንበኛህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዶላር ሲያልቅበት ግን ጣጣ ነው።

መጨረሻው ደግሞ የፋብሪካ ወሬ ሳይሆን የፖለቲካ ነው። በ1986 መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ የመንግሥት ንብረት የነበሩትን የሌይላንድ ጭነት መኪናንና ላንድሮቨርን ለመግዛት ከታቸር መንግሥት ጋር ይደራደር ነበር። ሐሳቡ ቤድፎርድንና ሌይላንድን አንድ አድርጎ ትልቅ ድርጅት መፍጠር ነው። ነገሩ የተሰማበት ጊዜ ግን የማይሆን ሆነ። ዌስትላንድ የሚባለው የሄሊኮፕተር ፋብሪካ ለአሜሪካ ይሸጥ አይሸጥ በሚለው ጠብ በጥር ሁለት ሚኒስትሮች ከሥልጣን ለቀው ነበር። "ላንድሮቨርም ለአሜሪካ?" ሲባል የታቸር የገዛ ፓርቲ እንደራሴዎች ተነሡ። መንግሥት ላንድሮቨርን ልንተውልህ አንችልም አለ፣ ጄኔራል ሞተርስ ያለ ላንድሮቨር አልፈልግም አለ። በመጋቢት ድርድሩ ፈረሰ። ያው ዓመት ሳያልቅ ጄኔራል ሞተርስ በቤድፎርድ ስም የጭነት መኪና መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። በ1987 የደንስተብሉን ፋብሪካ ዴቪድ ብራውን የተባሉ እንግሊዛዊ ነጋዴ ገዝተው ኤ ደብሊው ዲ በሚል ስም ሞከሩት፣ በ1992 ከሰረ።

"ሰለቻቸው" የሚለው ቃል የማይመጥነው ለዚህ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በዚያው ሰሞን በገዛ አገሩ፣ በአሜሪካ፣ የከባድ መኪና ሥራውን ከቮልቮ ጋር አጣምሮ መሪውን ለቮልቮ እያስረከበ ነበር። የኦሃዮ ወይም የሚሺጋን ሠራተኛም አስቸግሮት ነው? አይደለም። ከከባድ መኪና ንግድ በጠቅላላው እየወጣ ነበር፣ ሉተን የሒሳቡ አንድ መስመር ናት። ፎርድም በ1986 የእንግሊዝ የጭነት መኪና ሥራውን ከጣሊያኑ ኢቬኮ ጋር አዋህዷል። ክራይስለር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1978 የአውሮፓ ድርጅቱን በሙሉ ለፈረንሳዩ ፔዦ ሸጦ ወጥቷል። ሦስቱም ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች በአሥር ዓመት ውስጥ ሲወጡ እያየን የአንዱን ሠራተኛ ነጥሎ መክሰስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ይቀረኛል መደምደሚያቸው፣ "አብረው መሥራት አይችሉም" የሚለው። የሉተኑ ሠራተኛ በ1986 የጠፋ ይመስል ታሪኩ እዚያ ያልቃል። አልጠፋም። ቀላሉ የቫን ሥራ በ1987 ከጃፓኑ ኢሱዙ ጋር በሽርክና ቀጠለ። በኋላም ከሬኖ ጋር በጋራ የተነደፈውን ቫን ሠራ። ባለቤቱ ከጄኔራል ሞተርስ ወደ ፔዦ፣ ከዚያ ወደ ስቴላንቲስ ዞረ። ፋብሪካው የተዘጋው በመጋቢት 2025 ነው። ይህ "አይሠራም" የተባለ ሠራተኛ ከጃፓን፣ ከአሜሪካ፣ ከፈረንሳይ አለቃ ጋር ሌላ አርባ ዓመት ገደማ ሠራ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ያ ለጄኔራል ሞተርስ ሳይሸጥ የቀረው ሌይላንድ ነው። መጀመሪያ ከሆላንዱ ዳፍ ጋር ተቀላቀለ፣ በ1993 አብሮ ከሰረ፣ እንደገና ቆመ። በ1998 የገዛው ፓካር ነው። ፓካር የኬንዎርዝና የፒተርቢልት ባለቤት፣ የጭነት መኪና እንጀራው የሆነ የአሜሪካ ድርጅት። ላንካሺር ውስጥ ሌይላንድ በምትባለው ከተማ ዛሬም የዳፍ ጭነት መኪና ይሠራል፣ የሚሠሩት እንግሊዛውያን ናቸው፣ ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው። ጸሐፊው መልስ የሚሰጡኝ ከሆነ ከሌይላንድ ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።